የአሚጋ ጥቅል ፋይል ዊንዶውስ ላይ አይፈታ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አሚጋ 500 የሚባለውን የድሮ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ሜሞሪው 1 ሜጋባይት፣ ሥርዓቱ ዎርክቤንች 1.3፣ ፍሎፒ ድራይቩ አንድ ብቻ ነው። አሚኔት ከሚባለው የአሚጋ ፕሮግራሞች ክምችት ኤልኤችኤ በሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም የታመቀ የጽሑፍ ማዘጋጃ አውርጄ፣ ዊንዶውስ ላይ በሰቨን ዚፕ ፈትቼ ወደ ፍሎፒ ገለበጥኩት። አሚጋዬ ዲስኩን ጨርሶ አላወቀውም። ዎርክቤንች 2.1 ባለው የጓደኛዬ ማሽን ዲስኩ ተነበበ፤ ነገር ግን አይከኖቹ የሉም፣ ፕሮግራሙም በትእዛዝ ሲጠራ ላይብረሪ የሚባለውን አጋዥ ፋይል አጣሁ ብሎ ይቆማል። ጥቅሉ ተበላሽቶ ይሆን? ዲኤምኤስ የሚባል ሌላ ፋይልም አለኝ፤ በኤልኤችኤ አልፈታ ብሏል። ከማሽኑ ጋር የመጡትን ዲስኮች ለመጠበቅስ የትኛው የማመቂያ ፕሮግራም ይሻላል?»

መልስ፦ ጥቅሉ ደህና ነው። ጉዳቱ የደረሰው ከተፈታ በኋላ፣ ፋይሎቹ ለአሚጋ ባልተሠራ ዲስክ ላይ ሲሰፍሩ ነው። የገጠሙዎት ችግሮች ሁለት ናቸው፤ በአንድ ዲስክ ላይ ስለተገናኙ አንድ መስለውዎታል።

የመጀመሪያው የዲስኩ አጻጻፍ ነው። አሚጋ በአንድ ትራክ፣ ማለትም በዲስኩ ገጽ ላይ ባለ አንድ ክብ መስመር፣ እያንዳንዳቸው 512 ባይት የሚይዙ 11 ሴክተሮችን ይጽፋል። በዲስኩ ሁለት ገጾች 160 ትራኮች ስላሉ ድምሩ 901,120 ባይት፣ በተለምዶ 880 ኪሎባይት የምንለው ይሆናል። ፒሲ በዚያው ዓይነት ዲስክ ላይ በየትራኩ 9 ሴክተር ብቻ ጽፎ 720 ኪሎባይት ያገኛል። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። የፒሲው መቆጣጠሪያ ቺፕ በሴክተሮቹ መካከል የተወሰነ ክፍተት ካላገኘ አያነብም፤ አሚጋ ግን ትራኩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሜሞሪ አስገብቶ የትኛው ሴክተር የት እንደሚጀምር በሶፍትዌር ይለያል። ከዚህ የተነሣ አሚጋ ተገቢው ሶፍትዌር ከተሰጠው የፒሲን ዲስክ ያነባል፤ የፒሲው መቆጣጠሪያ ቺፕ ግን የአሚጋን ዲስክ በተለመደው መንገድ ማንበብ አይችልም። ያ ሶፍትዌር ክሮስዶስ ይባላል፤ ከዎርክቤንች ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው በ2.1 ነው። የጓደኛዎ ማሽን አለው፣ የእርስዎ 1.3 የለውም። ዲስክ አልታወቀም ማለት ተበላሽቷል ማለት ስላልሆነ እንደገና ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው፤ ከባዱም ይኸኛው ነው። ክሮስዶስ የሚያየው የድሮውን የዶስ አሰያየም ብቻ ነው፤ ስምንት ፊደል፣ ነጥብ፣ ከዚያ ሦስት ፊደል። ዊንዶውስ ረጅሙን ስም በራሱ መንገድ ዲስኩ ላይ ያሰፍርና ለአሮጌ ሥርዓቶች የሚሆን አጭር ስም ያበጅለታል። የአሚጋ አይከን ደግሞ ከፕሮግራሙ ጎን የሚቀመጥ፣ ስሙ ከነጥብ በኋላ «ኢንፎ» በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት የሚያልቅ ራሱን የቻለ ፋይል ነው። አራቱ ፊደል ወደ ሦስት ሲቆረጥ፣ ከነጥቡም በፊት «~1» ሲሰካበት፣ ዎርክቤንች አይከን መሆኑን የሚለይበት ነገር አይቀርም። ፋይሉ አለ፣ ይዘቱም አንድ ባይት አልጎደለውም፤ ስሙን ግን ተነጥቋል። ላይብረሪውም እንዲሁ ነው። በ1.3 ዘመን የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኤአርፒ ላይብረሪ ከነጥቡ በኋላ «ላይብረሪ» የሚለውን ሙሉ ቃል ይዞ ካልተገኘ፣ ተቆርጦ «ሊብ» ብቻ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የለም ይላል።

ስሞቹን በእጅ አንድ በአንድ መመለስ ይቻላል፤ ፋይሎቹ ጥቂት ሲሆኑ የሚያደርጉት አሉ። የጠፋው ግን ስም ብቻ አይደለም። አሚጋ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የፈቃድ ቢቶችን ያስቀምጣል፤ ይነበባል፣ ይጻፍበታል፣ ይሰረዛል፣ እንደ ፕሮግራም ይነሣል፣ ስክሪፕት ነው የሚሉትን። እስከ 79 ፊደል የሚደርስ ማስታወሻም ያያይዛል። የፒሲ ዲስክ ለእነዚህ ሁሉ ቦታ የለውም። ይህም አልበቃ ብሎ ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ሊፈጥራቸው የማይችላቸው ስሞች አሉ። አዲሶቹ የዎርክቤንች ዲስኮች ኤ፣ ዩ እና ኤክስ በሚሉ ሦስት ፊደላት የተሰየመ ፋይል ይዘው ይመጣሉ፤ ያ ስም ግን ከዶስ ጊዜ ጀምሮ ለአንድ መሣሪያ የተያዘ በመሆኑ ጥቅሉ ሲፈታ ፋይሉ ይዘለላል ወይም ስሙ ይለወጣል።

ስለዚህ በኤልኤችኤ የታመቀ ጥቅል እንደታሰረ ይጓዛል፣ የሚፈታውም አሚጋው ላይ ነው። በጉዞ ላይ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ የራሱ ስም ቢቆረጥ እንኳ በውስጡ ያሉትን ስሞች፣ ቢቶችና ማስታወሻዎች የሚነካ የለም። ምን እንደያዘ ለማየትና መመሪያውን ለማንበብ ሰቨን ዚፕን መጠቀም ምንም ክፋት የለውም። ከዚያ አልፎ የተፈቱትን ፋይሎች ለአሚጋ ማቅረብ ግን አይሆንም።

ስለ ፕሮግራሙ ራሱ ጥቂት ልበል፤ አሠራሩን ማወቅ በኋላ የምመክረውን ያስረዳል። የኤልኤችኤ መነሻ ጃፓን ነው። በሙያቸው ሐኪም የሆኑት ሃሩያሱ ዮሺዛኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤልኤችአርክ የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ አሰራጩ፤ በአሚጋ ላይ ሥር የሰደደው ግን የስቴፋን ቦበርግ ኤልኤችኤ ነው። ዋናው የማመቂያ ስልት፣ ኤልኤች 5 የሚባለው፣ ቀድሞ ባለፈው 8 ኪሎባይት ውስጥ የተደገመ ነገር ሲያገኝ ድጋሚውን ከመጻፍ ይልቅ «ከዚህ ያህል ርቀት ይህን ያህል ውሰድ» ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ ውጤቱን አዘውትሮ ለሚመጣው አጭር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም ኮድ እየሰጠ እንደገና ያሳጥረዋል። ወደ ኋላ የሚያስታውሰው 8 ኪሎባይት ብቻ በመሆኑ ሲፈታ ብዙ ሜሞሪ አይጠይቅም። በሰከንድ 7 ሚሊዮን ያህል ምት ለሚመታ የ68000 ፕሮሰሰርና ለ1 ሜጋባይት ማሽን የተመቸው በዚህ ነው። ማመቁ ፕሮሰሰሩን በደንብ ያደክመዋል፣ መፍታቱ ግን ፈጣን ነው። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ይታመቃል፤ የራሱ መግቢያና የራሱ ባለ 16 ቢት የማረጋገጫ ቁጥርም አለው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ይያዙልኝ። በነገራችን ላይ ጥቅሉ ዛሬ እንደለመድነው የዚፕ ፎልደር ከውስጡ ፕሮግራም የሚነሣበት አይደለም፤ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ ይሠራል።

አሁን ማጓጓዣው። ለእርስዎ የምመርጠው ግሪስዊዝል የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ ነው። በአንድ በኩል ከዘመናዊው ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ፣ በሌላ በኩል በ34 ሽቦ ሪባን ከተራ የፒሲ 3.5 ኢንች ድራይቭ ጋር ይገናኛል፤ የፒሲውን መቆጣጠሪያ ቺፕ ወደ ጎን ትቶ መግነጢሳዊውን ምልክት በቀጥታ ስለሚያነብና ስለሚጽፍ እውነተኛ የአሚጋ ዲስክ ይሠራል። በሱቅ የሚሸጠው ባለ ዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ለዚህ አይሆንም፤ የፒሲን መቆጣጠሪያ በውስጡ ይዞ የመጣ ነውና። ሌላው አማራጭ ጎቴክ ነው፤ በአሚጋው ድራይቭ ቦታ ገብቶ በፍላሽፍሎፒ ሶፍትዌር እየተመራ ከፍላሽ ላይ የዲስክ ምስሎችን ያነባል። ለጨዋታ ምቹ ነው። ነገር ግን ማሽኑን መክፈት ይጠይቃል፤ ያለዎትን ብቸኛ ድራይቭ ካስወጡ ደግሞ አሮጌ ዲስኮችዎን የሚያነብ ነገር አይኖርዎትም። ዲስኮቼን ልጠብቅ እያለ ለሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያ ግዢ ሊሆን አይገባም። ሦስተኛው በሲሪያል ገመድ መላክ ነው፤ በሰከንድ 19,200 ቢት ቢሄድ አንድ ሙሉ ዲስክ 8 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ይህም የሚያስከፋ አይደለም። ችግሩ አሚጋው ላይ አስቀድሞ የመቀበያ ፕሮግራም መኖር ያለበት መሆኑ ነው። ለ1.3 ክሮስዶስን የሚተኩ ፕሮግራሞችም ያው እንቅፋት አለባቸው፤ እነሱን ራሳቸውን በምን ያስገቧቸዋል?

በግሪስዊዝል የሚጻፈው ኤዲኤፍ የሚባል የዲስክ ምስል ነው፤ መጠኑ ልክ እላይ ያልኩት 901,120 ባይት ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤዲኤፍ ኦፐስ በሚባለው ፕሮግራም ባዶ ምስል ፈጥረው ያወረዱትን ጥቅል እንደታሰረ ያስገቡበት። ከእሱ ጋር ኤልኤችኤን ራሱን ያስገቡ፤ እሱም «ራን» የሚል ቅጥያ ይዞ፣ በስሙ ሲጠራ ራሱን በራሱ የሚፈታ ሆኖ ይገኛል። ለ1.3 የሚስማማዎት 1.38 የሚባለው ነው፤ ሲፈታ ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች የተዘጋጁ ቅጂዎች ካሉ ለ68000 የሆነውን ይምረጡ። ባዶውን ምስል ሲፈጥሩ የፋይል ሥርዓቱ አሮጌው፣ ኦኤፍኤስ መሆኑን ያረጋግጡ። ፈጣኑን ኤፍኤፍኤስ ከመረጡ 1.3 ዲስኩን አያውቀውም፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ዲስኩ አይነበብም ብለው ይጨነቃሉ። የሚጽፉበት ዲስክም ባለ ሁለት እጥፍ ጥግግት እንጂ 1.44 የሚባለው ከፍተኛ ጥግግት ያለው አይሁን። ተጨማሪዋን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም የዚያ ዲስክ ቅብ ጠንከር ያለ መግነጢስ ስለሚፈልግ ዛሬ የተጻፈው ከጊዜ በኋላ ላይነበብ ይችላል።

አሚጋው ላይ ሲደርሱ ባለ አንድ ድራይቭ ማሽን የራሱ ጣጣ አለው። በ1.3 ቅጂ፣ ዝርዝር፣ ፎልደር መፍጠር የመሳሰሉት ትእዛዞች ሁሉ በዎርክቤንች ዲስክ ሲ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። የጥቅሉን ዲስክ አስገብተው አንዲት ትእዛዝ ሲሰጡ የዎርክቤንችን ዲስክ አስገቡ ይላል፤ ያንን ሲያስገቡ ያኛውን ይጠይቃል፤ እንዲህ እያለ ዲስክ ሲያቀያይሩ ይውላሉ። መላው አሮጌና የታወቀ ነው። ከዎርክቤንች እንደተነሡ ሼል የሚባለውን የትእዛዝ መስኮት ይክፈቱ፤ እንደ ዲስክ በሚያገለግለው የሜሞሪ ክፍል፣ በራም ዲስክ ላይ፣ ሲ የሚባል ፎልደር ይፍጠሩ፤ የሚያስፈልጉዎትን ብቻ፣ ማለትም ኮፒ፣ ሲዲ፣ ዲር፣ ሊስት፣ ሜክዲር፣ ዲሊት እና አሳይንን ወደዚያ ይገልብጡ፤ ከዚያ በአሳይን ትእዛዝ ሲ ማለት ከእንግዲህ ይህ ነው ብለው ይሹሙት። የሲ ፎልደርን በሙሉ አይገልብጡ፤ 1 ሜጋባይት ውስጥ የሚያባክኑት ቦታ የለም። ኤልኤችኤንም እዚያው ያኑሩት።

ማሽንዎ ከጀርመን ገበያ ስለሆነ ሌላም ነገር ይጠብቁ። የዎርክቤንች ዲስኩ ለጀርመን ካልተዘጋጀ የቁልፍ ሰሌዳው እንደ አሜሪካ ነው የሚያስበው። ሁለት ነጥብ (:) የሚገኘው ሺፍትን ይዘው ባለ ሁለት ነጥቧን ኦ ሲጫኑ ነው፤ እዝባር (/) ደግሞ በሰረዝ ቁልፍ ላይ ነው። ዋይ እና ዜድም ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ ምልክቶች ከሌሉ አንድም የአሚጋ ትእዛዝ ስለማይጻፍ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብስጭት ያድናል።

ጥቅሉን መጀመሪያ በ«ኤል» ትእዛዝ ዘርዝረው ሲፈታ ስንት ኪሎባይት እንደሚሆን ይመልከቱ። ቀጥሎ በ«ቲ» ይፈትኑት፤ የእያንዳንዱን ፋይል ማረጋገጫ ቁጥር ይመረምራል፣ ዲስኩ ላይ የደረሰ ጉድለት ካለ የሚታወቀው እዚህ ነው። ከዚያ በ«ኤክስ» ይፍቱት እንጂ በ«ኢ» አይፍቱት። «ኢ» የፎልደሮቹን አወቃቀር ትቶ ሁሉንም ፋይል አንድ ቦታ ይዘረግፋል። መድረሻውን ሲጽፉ ደግሞ መጨረሻው የግድ ሁለት ነጥብ ወይም እዝባር ይሁን። ራም፣ ሁለት ነጥብ፣ የፎልደሩ ስም ብለው እዝባሩን ከረሱ ኤልኤችኤ የጻፉትን እንደ መድረሻ ሳይሆን ከጥቅሉ ውስጥ የሚፈለግ ፋይል ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ ምንም ሳይፈታ ሥራውን ይጨርሳል። ጥቅሉ ባዶ ነው ወይም ተበላሽቷል የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህች ከጎደለች ጭረት ነው።

የቦታውን ስሌት አስቀድመው ይሥሩ። ጥቅሉን ራም ላይ ገልብጠው እዚያው ከፈቱት የታመቀውም የተፈታውም በአንድ ጊዜ ቦታ ይይዛሉ፤ የ200 ኪሎባይት ጥቅል 400 የሚሆን ከሆነ 600 ኪሎባይት ሄደ ማለት ነው። ጠበብ ካለ ጥቅሉን ከፍሎፒው ላይ ሳያነሡ ወደ ራም ይፍቱት። ያም ካልበቃ የሚፈልጓቸውን ፋይሎች ስም ጠርተው በየተራ ያውጡ። ራም ዲስክ መብራት ሲጠፋም ሆነ ማሽኑ ሲነሣ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ የተፈታውን አሚጋው ራሱ ፎርማት ወዳደረገው ባዶ ፍሎፒ ወዲያውኑ ይገልብጡ። የኮፒ ትእዛዝ ላይ «ኦል» ሲጨምሩ ንዑስ ፎልደሮችን ያካትታል፤ «ክሎን» ሲጨምሩ ደግሞ ቀኑንና ማስታወሻውንም ይዞ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ አይከኖቹ በቦታቸው ይታያሉ። ላይብረሪ ካለው ወደ መነሻ ዲስክዎ ሊብስ ፎልደር ይግባ።

ዲኤምኤስን በተመለከተ፣ ያላወቁት ነገር ዲኤምኤስ የፋይል ጥቅል አለመሆኑ ነው። አንድን ሙሉ ፍሎፒ ትራክ በትራክ አምቆ የሚይዝ ነው፤ ኤልኤችኤ የማይፈታውም ለዚህ ነው። እላይ ያልኩት ሕግ እዚህ አይሠራም። የተናጠል ፋይል ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ዊንዶውስ የሚያበላሸው ነገር የለም፤ ኤክስዲኤምኤስ በሚባለው ፕሮግራም እዚያው ፒሲው ላይ ወደ ኤዲኤፍ ለውጠው በግሪስዊዝል በፍሎፒ ላይ ይጻፉት።

አሮጌዎቹን ዲስኮች ለመጠበቅ አንድ ዘዴ ለሁሉም አይበቃም። ተራ ዲስኮችን በሙሉ በኤዲኤፍ ምስልነት ያንሡ። ከፋብሪካ በወጡ ጨዋታዎች ላይ ግን ቅጂን ለመከልከል ሆን ተብለው ያለ ሕግ የተጻፉ ትራኮች ስለሚኖሩ ኤዲኤፍ ሊይዛቸው አይችልም፤ እነሱን ግሪስዊዝል ጥሬውን ምልክት እንዳለ በሚመዘግብበት መንገድ ያስቀምጡ። የራስዎን ጽሑፎችና ሥዕሎች በኤልኤችኤ ይጠቅልሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በጆናታን ፎርብስና በቶሚ ፑታነን የወጣው ኤልዜድኤክስ አብልጦ ያምቃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያንን ብልጫ የሚያገኘው ፋይሎችን በቡድን አጣምሮ በማመቅ ነው፤ ከቡድኑ መካከል አንድ ሴክተር ቢሞት ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ኤልኤችኤ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ስለሚያምቅ የሞተው ሴክተር ያረፈበት ፋይል ይጎዳል፣ የቀሩት ሊወጡ ይችላሉ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ባለፈ ፍሎፒ ላይ ለጥቂት ኪሎባይት ትርፍ ብሎ ይህን ዋስትና መተው አያዋጣም። ቀድሞውኑ በፓወርፓከር የታመቁ ፕሮግራሞችን ሲያገኙም በኤልኤችኤ ብዙም ስለማያንሱ አይደነቁ።

ዲስኮቹን ከማስገባትዎ በፊት መከለያውን ገፋ አድርገው ገጹ ላይ ሻጋታ እንዳለ ይዩ፤ ያለበት ዲስክ የድራይቩን ራስ ስለሚያቆሽሽ ለብቻ ይቀመጥ። ምንም እንዳይጻፍባቸው የመጻፊያ መከልከያዋን ቀዳዳ ሁሉም ላይ ይክፈቱ። የዲስክ ምስል የመነሻውን ብሎክ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበውን የዲስኩን ክፍል፣ ጭምር ስለሚይዝ እዚያ የተደበቀ ቫይረስ ካለ አብሮ ይቀዳል፤ የመጀመሪያው የታወቀ የአሚጋ ቫይረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታየው ኤስሲኤ፣ የሚቀመጠው እዚያው ነበር። የኤልኤችኤ ጥቅል ፋይል ብቻ ስለሚይዝ ይህ ችግር አይነካውም። አንድን የማያውቁትን ዲስክ ከሌላው ሲለውጡ በቁልፎች ማስነሣት አይበቃም፤ እንዲህ ያሉ ቫይረሶች በሜሞሪ ውስጥ ይተርፋሉና ማሽኑን አጥፍተው ጥቂት ቆይተው ያብሩት።

ስለ ሃርድዌሩ ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። ማሽንዎ 1 ሜጋባይት ካለው ተጨማሪው ግማሽ ሜጋባይት ምናልባት የገባው በሆዱ በኩል ባለው ክዳን፣ ኤ501 በሚባለው ካርድ ነው። ያ ካርድ ለሰዓቱ የሚሆን ቻርጅ የሚደረግ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ አለው፤ በዕድሜ ብዛት ያፈስሳል፣ የሚያፈስሰውም የሰሌዳውን የመዳብ መስመሮች ይበላል። ማሽኑን ከመብራት ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ካርዱን አውጥተው አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ወጥቶበት እንደሆነ ይዩ። ቢያፈስስም ባያፈስስም ባትሪው ይነሣ። የሚያጡት ሰዓቱ ማሽኑ ሲጠፋ መቁጠሩን ብቻ ነው፤ ቀኑን ሲፈልጉ በዴት ትእዛዝ ይሞሉታል። ይህ ሳይደረግ ማሽኑ ሌላ ሥራ አይሥራ።